ያልደረቀ ዘመን ለእሳት አይሰጥም

የቀበሌ መታወቂያዬን ላሳድስ የሄድኩ ቀን ጸሐፊዋ ልጅ «እማማ፣ ሥራዎት ምን ነበር?» አለችኝ። «ዘመን መራጭ» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ፤ ሳቋን ዋጥ አድርጋ «የቤት እመቤት» ብላ ጻፈች። አልተቀየምኳትም፤ ልጅ ናት፣ ከኋላዬ ያለው ወረፋም ረዥም ነበር። ግን አልተቀበልኳትም። ቤትማ ነበረኝ፣ እመቤትም ነበርኩ፤ ሥራዬ ግን ሌላ ነው። እኔ በኮምፒውተር ለሚጫወቱት የጦርነት ጨዋታ የጭቃ ሰው እሠራ ነበር፤ የትኛው ዘመን ጨዋታ ይሁን፣ የትኛውስ አይነካ የሚለውንም ከሁለት ልጆች ጋር ሆኜ እመርጥ ነበር። ኮምቦልቻ ላይ። ማመን ያቃተው አይመን።

አሁን ጭቃ የሚፈልግ የለም። ሁሉን ኮምፒውተሩ ራሱ ይሥለዋል አሉ። የኔም እጅ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ጡረታ ማለት ይህ ከሆነ፣ ደመወዝ የሌለው ጡረታ ወጥቻለሁ።

የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ልጅ ጡት እያጠባሁ ነው። እንግዲህ አጻጻፌ ወዲያ ወዲህ ቢል እግሬን ተከትሎ ነው በሉት፤ እግሬም ቀጥ ብሎ ሄዶ አያውቅም።

ሸክላ ያስተማረችኝ እማ ከድጃ ትባላለች። ቤቷ ከቢስቲማ ወረድ ብሎ፣ ቀይ አፈር ያለበት ገደል አፋፍ ላይ ነበር። ሸክላ ሠሪ በኛ አገር ይፈለጋል እንጂ አይወደድም። ማድጋሽን ይገዙሻል፤ ልጃቸውን ግን ከዓይንሽ ይሸሽጋሉ። እማ ከድጃ ይህን አሳምራ ታውቃለች፤ አንገቷን ግን ደፍታ አታውቅም። «እጄን ይፈራሉ፤ ውሃ የሚጠጡት ደግሞ ከእጄ ነው። እንግዲህ ይጠሙ ወይስ ይፍሩ?» ብላ ትስቅ ነበር።

ጭቃውን በፊት ጥርሷ ጫፍ ትቀምሰዋለች። ከተንቀጫቀጨ አሸዋው በዝቷል። የተሰበረ ሸክላ አትጥልም፤ ወቅጣ፣ ነፍታ ከአዲሱ ጭቃ ጋር ታቦካዋለች። አሮጌው ገል አዲሱን እንዳይሰነጠቅ ይይዘዋል። የሠራችውን ፀሐይ ላይ አታወጣም፤ ጥላ ውስጥ ታቆየዋለች። «ደረቀ» ብዬ ስነግራት አታምነኝም፤ አንሥታ ጉንጯ ላይ ታስነካዋለች። ከቀዘቀዛት ውስጡ ገና ውሃ አለ ማለት ነው። «ላዩ ይዋሻል» ትለኛለች። «ያልደረቀ ለእሳት አይሰጥም። ራሱ ብቻ ቢፈነዳ ግድ አልነበረኝም፤ ጎረቤቱን ይዞ ነው የሚሄደው።»

ደግሞ ሳትጠይቅ አትሠራም። እንስራ ልታሠራ የመጣችውን «ምንጩ የት ነው? ስትመለሺ ዳገት ነው ቁልቁለት? የምትሸከመው አንቺ ነሽ ወይስ ልጅሽ?» እያለች ታደክማታለች። እኔ በልጅነቴ ይህ ነገር ያሰለቸኝ ነበር። ዛሬ ሥራዬ ሁሉ ከዚያ የወጣ ነው።

ከእጇ የተረፈውን ጭቃ በሬ፣ በቅሎ፣ ፈረስ ከነጋላቢው አድርጋ ለልጆች ትሰጣለች። ፊት ግን አታወጣላቸውም። ዓይን የለ፣ አፍ የለ፤ ለስላሳ ብቻ። «ፊት የሚሰጥ አላህ ነው» ትላለች። በኋላ እኔን የመንደራችን ሸህ «ዘሀራ፣ ይህ የምትሠሪው ነገር እንዴት ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ አንዱን አንሥቼ አሳየኋቸው። አገላብጠው አዩና «ዓይን አትስጪው እንግዲህ» ብለው መለሱልኝ። አልሰጠሁም። እስከ መጨረሻው።

እማ ከድጃ አልፋ፣ ባሌም ሞቶ፣ ደርግም ከወደቀ በኋላ ገበያ ለገበያ ስዞር ኖርኩ። ቢስቲማ፣ ደጋን፣ ኮምቦልቻ። ደሴ ሰኞ ገበያ ለመድረስ የሐረጎን ዳገት በእግሬ ገንቦ አዝዬ የወጣሁበት ጊዜ አለ፤ ጉሙ ፊት ለፊትሽ ያለውን መኪና ሲውጠው እግርሽን በጆሮሽ ነው የምታስኬጂው። መኪናው ጥሩንባ ካልነፋ አለቀልሽ። አሁን ይህን ምን አመጣው? እግሬ ነው፤ አላልኳችሁም?

ሰሎሞንን ያገኘሁት ኮምቦልቻ ገበያ ነው። የደሴ ቄስ ልጅ፣ ቀጭን፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ አንድ ቁልፍ የጎደለው። ከማድጋዎቹ አጠገብ የደረደርኩትን ፈረሰኛ አንሥቶ ዓይኑን ተክሎበት ቀረ።

«እማማ፣ ይህን ማን ሠራው?»

«እኔ ነኝ። ምነው፣ ሰበርከው?»

«ኧረ አልሰበርኩም። ስንት እንደዚህ ያለ መሥራት ይችላሉ?»

«ስንት ልጅ አለህ?»

ሳቀ። ልጅ የለውም፤ ኮምፒውተር ቤት ነው ያለው። ማመልከቻ ይተይባል፣ ማታ ማታ ደግሞ ወጣቶች ጌም ይጫወታሉ። ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። ውጭ አገር ጢኒጥ ጢኒጥ ያሉ ወታደሮች ቀለም ቀብተው፣ ትልቅ ጠረጴዛ ላይ ኮረብታና ወንዝ ሠርተው፣ ዳይስ የሚባል ቁጥር ያለበት ጠጠር እየጣሉ የድሮ ጦርነት የሚጫወቱ አሉ። ያንኑ ጠረጴዛ የመሰለ የኮምፒውተር ጨዋታም አለ፤ ወታደሩ ሳንቲም በምታህል ክብ መቆሚያ ላይ እንደተገተረ ነው የሚዋጋው። «ያንን በኛ አገር ዘመን እንሥራ ብለናል እኔና ጓደኛዬ» አለኝ።

«ትልልቅ ሰዎች ናቸው በአሻንጉሊት የሚጫወቱት?»

«አዎ።»

«ሚስት የላቸውም?»

«አላቸው። ሚስቶቻቸውም እንደ እርስዎ ነው የሚጠይቋቸው» አለ። ወደድኩት። በማግስቱ ጭቃዬን ይዤ ሄድኩ።

ጓደኛው ጀማል የደጋን ልጅ ነው። ዝም ያለ፣ ጣቱ ግን እንደ ሸማኔ እግር የማያርፍ። ኮምፒውተሩን የሚያናግረው እሱ ነበር። እኔ እሠራለሁ፤ ሰሎሞን ነጭ ጨርቅ ወጥሮ፣ የጭቃውን ሰው በሚሽከረከር ትሪ ላይ አቁሞ፣ በየአቅጣጫው ፎቶ ያነሣዋል፤ ጀማል ያንን ወደ ኮምፒውተሩ አስገብቶ ያስኬደዋል።

አውራ ጣት የሚያህል ሰው መሥራት ማድጋ ከመሥራት ይከብዳል። ጦሩን ከጭቃ ብሠራው ይሰበራል፤ ስንደዶ ሰካሁበት። ጋሻው አልሆን ብሎኝ ሳምንት ከርሜ ባቄላ ክክ ላይ ዓይኔ አረፈ፤ ጎበጥ ያለ፣ ልክ ጋሻ። ከዚያ ወዲህ ሰሎሞን ከሽሮ ቤት እየዞረ ባቄላ የሚለምን ሆነ። የፈረስ እግር ቀጥኖ ገላውን አልሸከም ሲል ከሆዱ ሥር ቁጥቋጦ አበቀልኩለት፤ ፈረሱ ቁጥቋጦ የሚዘል ይመስላል፣ ለካ ቁጥቋጦው ነው ፈረሱን የተሸከመው።

የመጀመሪያውን ሰውዬ ሠርቼ በሰጠሁ ቀን ጀማል አንድ ነገር ነካና አንዱ ሺህ ሆነ። ሺውም አንድ ላይ ቀኝ እግሩን አነሣ።

«ይህ ጦር ነው ወይስ የቀበሌ ሰልፍ?» አልኳቸው።

«ምን ጎደለው፣ እማ ዘሀራ?» አለ ጀማል።

«ሰው ነዋ የጎደለው! የሚያነክስ የታለ? እሾህ የወጋው የታለ? ስንቅ የያዙት ሴቶችስ? በሶ ሳይቋጥር የዘመተ ጦር የት ሊደርስ ነው?»

ተሳሳቁብኝ፤ ግን ሰሙኝ። የሚያነክሰውን ሠራሁ፤ እየዞረ የሚያየውን ሠራሁ፤ በቅሎ የምትጎትት ሴት፣ ገንቦ ያዘለች ሴት ሠራሁ። ጀማል ደግሞ ከራሱ ጨምሮ ሴቶቹ ከጦሩ ከተቆረጡ ጦሩ እንዳይራመድ አደረገው። እኔ ያላሰብኩት ነው፤ እውነትም ጨዋታው ከዚያ በኋላ ጣዕም አገኘ።

ዘመን መምረጡ እንዲህ ነበር። ሰሎሞን ከመጽሐፍ አንብቦ የዘመን ስም ያመጣል። እኔ ያንን ስም ይዤ ገበያ እወጣለሁ፤ እማ ከድጃ እንስራውን የምትሸከመዋን እንደምትጠይቅ። ሽማግሌ ባለበት አረፍ እልና ወሬ አስመስዬ ስሙን እጠራለሁ። ሰዎቹ ከተቀመጡ፣ የቆመው ጎንበስ ብሎ ከዘራውን መሬት ላይ ካስተኛ፣ ዘመኑ ደርቋል፤ እሳት ይችላል። ስሙን ስጠራ የተቀመጠው ሰው ተነሥቶ ነጠላውን አራግፎ ከሄደ ግን ዘመኑ እርጥብ ነው፤ ለእሳት አይሰጥም።

በዚህ መንገድ መጀመሪያ ዘመነ መሳፍንትን መረጥን። ደጋን ላይ አንድ ሽማግሌ የፈረሰኛውን ወሬ ሲጀምሩ ጠጠር ለቅመው መሬት ላይ ደረደሩልኝ፤ «ይህ የኛ ነው፣ ይህ የነሱ ነው፣ አንቺ እዚያ ጋ አትርገጪ፣ ወንዝ ነው» አሉኝ። ያው ጠረጴዛው ማለት እኮ ነው። የኮምቦልቻ ወጣት ወደደው። የፋብሪካ ፈረቃ ያለቀለት ሁሉ ወደኛ ይመጣ ነበር።

ሁለተኛው ነው ያቃጠለን። የጣልያንን ወረራ መረጥን። ገበያ ይዤው ስወጣ ያልተቀመጠ ሰው አልነበረም፤ ደሴ ላይ ቦምብ ሲወርድ ያዩ ሁሉ ይተርኩልኛል፤ እንባ አለ፣ ግን ተቀምጠው ነው። ደርቋል አልኩ። ሰሎሞንም፣ ጀማልም አዎ አሉ። አንድ ክረምትና አንድ በጋ ሠራን። አውሮፕላኑን ከጭቃ ሠርቼ በጥቁር ክር ሰቀልኩት፤ ፎቶ ሲነሣ ክሩ አይታይም፤ ያን ጊዜ ሦስታችንም ማሻአላህ፣ ተመስገን ተባባልን።

የመጀመሪያ ቀን አንድ ሾፌር ሊጫወት ተቀመጠ። የኛን ወገን ያዘ።

«እኔ ምን ላድርግ?» አለ።

«ጦሩን በትነው» አለው ጀማል።

በተነው። አውሮፕላኑ መጣ።

«አሁንስ?»

«በትነው።»

«በትኜዋለሁ እኮ። ከዚያስ?»

ሾፌሩ ማውሱን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። «ወንድሜ፣ ይህ ጨዋታ አይደለም፤ መርዶ ነው» ብሎ ወጣ። ከሱ በኋላም ማንም ሁለት ጊዜ አልተጫወተውም። የዓመት ሥራ በአንድ ሳምንት ሞተ።

እኔ ምን አደረግሁ? ሰዎቹን በሙሉ ከሣጥን አወጣሁ፤ አውሮፕላኑንም። ሙቀጫ ውስጥ ጨምሬ ወቀጥኳቸው፤ ነፋሁ፤ ከአዲስ ጭቃ ጋር አቦካሁ። ሰሎሞን «እማ ዘሀራ፣ አያሳዝንዎትም?» አለኝ። «ገል ሆነ እንጂ አልጠፋም፤ የሚቀጥለውን ይይዝልናል» አልኩት። ያልኩትን ያህል አልጠነከርኩም ነበር፤ ሙቀጫው ድምፄን ሸፈነልኝ።

ከዚያ ውድቀት አንድ ነገር አወቅን። መድረቁ ብቻ አይበቃም። ሽማግሌዎቹ የጣልያኑን ሲተርኩ አንድ ቃል ከአፋቸው አልወጣም ነበር፤ «ባይሆን ኖሮ» የሚል። ከላይ ለሚወርድ እሳት ምን ባይሆን ኖሮ ይባላል? ስለዚህ ከዚያ ወዲህ ገበያ ስወጣ ሁለት ነገር አዳምጣለሁ፤ ይቀመጣሉ ወይ፣ ተቀምጠውስ ይጣላሉ ወይ። «እንዲህ ቢያደርጉ ኖሮ» «የለም፣ እንዲያ ቢያደርጉ ኖሮ» የሚባባሉበት ዘመን፣ እሱ ነው ጨዋታ።

ወሎና ሸዋ የተዋጉበትን ሰገሌን ያገኘነው እንደዚህ ነው። ደሴ ላይ አንድ ልብስ ሰፊ በረንዳ ሥር ሁለት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፤ አንዱ የወሎ፣ አንዱ የሸዋ ሰው። ስሙን ጣል አደረግሁት።

«ንጉሣችን ባይዘገዩ ኖሮ ታሪክ ሌላ ነበር» አሉ የኛው።

«ቢፈጥኑስ? መድፉ ይጠብቃቸው የለም?»

«በቀኝ በኩል ቢዞሩኮ መድፉ ምን ይሠራል?»

«በቀኝ ገደል ነው፣ ሰውዬ! አይተኸዋል?»

«አንተስ አይተኸዋል?»

አንዳቸውም አላዩትም፤ አባቶቻቸው ናቸው የነገሯቸው። ሰላምታ ሳይሰጣጡ ተለያዩ፤ በማግስቱ ደግሞ እዚያው በረንዳ ላይ አገኘኋቸው፣ ካቆሙበት ሲቀጥሉ። ቁልቁል በአውቶቡስ ወርጄ ለሰሎሞን «አበቃ፣ ይህ ነው» አልኩት።

«ተሸንፈናል እኮ እዚያ ላይ። ማን የተሸናፊ ወገን ይሆናል?» አለ።

ማን ሆነ መሰላችሁ? ሁሉም። ወሎን ለመያዝ ወረፋ ነበር። ያሸነፈውን ወገን የሚይዝ ጠፍቶ ጀማል ራሱ ይዞ ይጫወት ነበር። ሰው ያለቀለትን ድል ምን ሊያደርገው? የተበላሸበትን ሊያቃና ነው የሚቀመጠው።

እንግዳው የመጣው በሰገሌ ዝና ነው። ከአንድ መሥሪያ ቤት ነው፤ ኮት የለበሰ፣ ጨዋ፣ ሳቂታ ሰው። እንደ ማንም ተሰልፎ ተጫወተ፤ ጎበዝም ነበር፤ በቀኝ በኩል ዞሮ መድፉን ሊይዝ ጥቂት ቀረው። አመሰገነን። ከዚያ ወንበሩን ወደ ሰሎሞን አዞረ።

«ለድሉ በዓል አንድ ሥሩልን። የቅርቡን። ታጋዩና የደርግ ወታደር። አዳዲስ ኮምፒውተር ይሰጣችኋል፤ የቤቱንም ኪራይ እኛ እንይዘዋለን።»

የቤቱ ባለቤት ልቀቁ ካለን ሰንብቷል። ጀማል ጅዳ የሚያሻግር ደላላ እያናገረ ነበር። ሁለቱም ፊታቸው በራ፤ አየሁት።

እኔ ጥግ ላይ የበቅሎ እግር ይዤ ተቀምጬ ነበር። እንግዳው ያንን ዘመን ሲጠራ ጭቃው ከጭኔ ወደቀ። ቀና ስል ሁሉም ወደኔ ያያሉ። ቆሜያለሁ። መቼ እንደተነሣሁ አላውቅም፤ ነጠላዬን ሳራግፍ ነው ራሴን ያገኘሁት።

ሰሎሞን ገባው። እንግዳው አልገባውም። «እማማ፣ ምነው? አመምዎት?» አለኝ።

«ልጅ አለኝ» አልኩት። «ሁሴን ይባላል። በሬ ሊሸጥ ቢስቲማ ገበያ እንደወጣ በአፈሳ ያዙት። አሥራ ስምንት አልሞላውም ነበር። ከወሰዱት ወዲህ ሞተ ያለኝ የለ፣ አለ ያለኝ የለ።»

እንግዳው ጎንበስ አለ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ልናገር። «ያሳዝናል» አለ። «እኔም ወንድሜን በዚያ ጦርነት አጥቻለሁ፣ በታጋዩ ወገን። ለዚያ ነው እንዲሠራ የምፈልገው። ግን እማማ፣ ጦርነቱ ካለቀ ቆየ እኮ።»

«ለርስዎ አልቆ ይሆናል። እኔ ቤት ገና አልገባም።»

«ሁሴንዎን ያስገደደው ደርግ ነው። ጨዋታውም ያንን ነው የሚያሳየው። የወታደሩን ፊት ክፉ አድርገው ይሥሩት፤ የታጋዩን ደግሞ ብርሃን ያለበት።»

«እኔ ፊት አልሠራም፤ ለማንም። የወታደሩን ወገንስ ማን ይይዘዋል?»

«ኮምፒውተሩ ራሱ ይይዘዋል። እሱ ለመሸነፍ ነው።»

«አዩ፣ ጌታው» አልኩት፤ ድምፄን አልጨመርኩም፣ ልማዴም አይደለም። «ሰገሌ ላይ የወደቀውም የእናት ልጅ ነው፤ ግን እናቱ ከሱ ጋር ተኝታለች። የሁሴን እናት እዚህ ቆማለች። ልጄን ለመሸነፍ ብቻ አልሠራውም። ወላሂ፣ ጣቴን ብትቆርጡት!»

«እርስዎ ባይሠሩት ሌላ ይሠራዋል።»

«ይሥራው። እጁ ይባረክ ግን አልልም።»

ለሰሎሞን ስልክ ቁጥሩን ትቶለት ወጣ። በሩ እንደተዘጋ ሰሎሞን ግንባሩን ያዘ።

«እማ ዘሀራ፣ ቤቱ ይዘጋል እኮ። ጀማልም ይሄዳል።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ። እናንተን አልከለክልም። እኔ ግን ጭቃ አልነካም። በዚህ ከምትለምነኝ የጦሳን ተራራ ና ውረድ ብለህ ብትለምነው ይቀልሃል።»

ጀማል ብዙ አይናገርም። «አንቱ ሳትኖሩ ፎቶ ቆርጠን ልንሠራው እንችላለን» አለ፤ ከዚያ የሰሎሞንን ፊት አየ። ሰሎሞን ወለሉ ላይ የወደቀውን የበቅሎ እግር አንሥቶ ጉንጩ ላይ አስነካው። እኔን ሲያይ የለመደው ነው። «ቀዝቃዛ ነው» አለ። «ከፈነዳ እኛንም ይዞ ይሄዳል። ይቅር።»

ቀረ። በወሩ ቤቱ ተዘጋ። ሰሎሞን አዲስ አበባ ገባ። ጀማል፣ አልሐምዱሊላህ፣ ጅዳን ትቶ ደሴ ጌም ቤት ተቀጠረ። እኔም ሴት ልጄ ዘንድ ደሴ ወጣሁ። ሰዎች «እምቢ ባትይ ኖሮ ይኸኔ» ይሉኛል። ይበሉ። እኔ ያንን «ባይሆን ኖሮ» አልጫወትበትም።

እንግዳው እንዳለውም ሌሎች ሠሩት። ጭቃ ሳይነኩ፣ ሁሉን ኮምፒውተር ላይ ሥለው። ጨዋታው ደሴ በደረሰ ጊዜ ጀማል ሰው ሳይልክ ራሱ መጣ። «አንቱ ሳትሰሙ ብጫወተው ደስ አይለኝም» አለ። አብሬው ሄድኩ።

ከሰዓት ነበር፤ ቤቱ ሙሉ ነው። ጨዋታው ያምራል፤ ያማረውን አስቀያሚ ነው ብል አላህም አይወደውም። ኮረብታው ኮረብታ ነው፤ ወታደሩ ክብ መቆሚያው ላይ ነው፣ እንደኛው። ፊት ግን አለው። የደርጉ ወታደር ሁሉ አንድ ፊት። አንዱን ሥለው ሺህ አድርገውታል።

«ያንን ወገን ስጠኝ» አልኩት ጀማልን።

«አይሆንም እኮ፣ እማዬ፤ እሱን ኮምፒውተሩ ነው የሚይዘው።»

«ስጠኝ አልኩህ።»

ተቀምጦ ጥቂት ጎረጎረ። ጣቱ አሁንም አያርፍም። ከዚያ ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀልኝ፤ ማውሱን እጄ ላይ አደረገው። እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ኮምፒውተሩ ላይ ያለችው ቀስትም አብራኝ ትንቀጠቀጣለች። የሚጫወቱት ጎረምሶች ተሰበሰቡብኝ።

«እማማ፣ በግራ ይምቱ! በግራ ክፍት ነው!»

አልመታሁም። የፊተኛውን ረድፍ ነክቼ ወደ ኋላ መለስኩት። ከዚያ የሚቀጥለውን። ከላይ ይተኩሳሉ፤ የሚወድቅ ይወድቃል፤ እኔ የቀረውን እመልሳለሁ።

«ወዴት ነው፣ እማማ? ጦርነቱ ወዲያ ነው!»

«ቤታቸው ወዲህ ነው» አልኩ።

ሳቁ። አንዱ ግን አልሳቀም፤ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ረድፉ ጠርዝ ደረሰ። ጀማል ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ።

«እማዬ፣ እዚህ ላይ ጠረጴዛው ያልቃል። ከጠርዙ የወጣ ከጨዋታ ይወጣል፤ አይመለስም።»

«ከጨዋታ ይውጣልኝ! እኔስ ሌላ ምን አልኩ?»

አንድ በአንድ አወጣኋቸው። ጠርዙ ላይ ሲደርሱ ብን እያሉ ይጠፋሉ። መስኩ ባዶ ሲመስል መስታወቱ መሀል ትልቅ ጽሑፍ መጣ። ቀስ ብዬ ፊደሉን አንድ በአንድ ለቅሜ አነበብኩት። «ተሸንፈዋል። ይቀጥላሉ?» ይላል። ከሥሩ «አዎ» አለ፣ «አይ» አለ።

«በቃ፣ አለቀ እኮ፣ እማማ፤ ይልቀቁት» አለ ከኋላ አንዱ።

ከአንድ ድንጋይ ኋላ፣ ተኩሱ ባልደረሰበት፣ አንድ ልጅ ተንበርክኮ ቀርቶ ነበር። የሚንቀጠቀጠውን እጄን በሌላኛው ደግፌ፣ እሱንም ልመልሰው «አዎ» የሚለውን ነካሁት።